የተሸረፈ የብርጭቆ ክላርኔት ማውዝፒስ ይጠገናል?

ጥያቄ፦ «የክላርኔቴ ማውዝፒስ፣ ማለትም አፍ ውስጥ የሚገባው ክፍል፣ ከብርጭቆ የተሠራ ነው። ሪድ (እየተርገበገበ ድምፅ የሚፈጥረውን ስስ የሸምበቆ ቅጠል) ስቀይር ከእጄ አምልጦ ጠረጴዛ ላይ ወደቀና ከጫፉ በስተቀኝ በኩል ተሸረፈ፤ የወጣው ስባሪ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ወዲህ ግን የላይኞቹ ድምፆች ሲጥ ይላሉ፣ የታችኞቹም ለመነሳት ይዘገያሉ። ቦታውን በሱፐር ግሉ ወይም በኢፖክሲ ሞልቼ በብርጭቆ ወረቀት ላስተካክለው አስቤያለሁ። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በጋዝ ነበልባል ብታሞቀው ራሱ ቀልጦ ይደፈናል ይላል። የትኛው ይሻላል? የኢቦናይት (የጠንካራ ጎማ) ማውዝፒስ የሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ ብወስደውስ?»

መልስ፦ ከሁለቱ አንዱንም አይሞክሩ። ሙጫው ቢበዛ ለጥቂት ቀናት የተስተካከለ ያስመስላል፤ ነበልባሉ ግን ትንሹን ጉዳት ማውዝፒሱን ከላይ እስከ ታች ወደሚከፍል ስንጥቅ ይለውጠዋል። የተሸረፈ የብርጭቆ ማውዝፒስ አንድ የመጠገኛ መንገድ ብቻ አለው፤ እሱም ጎድጓዱ እስኪጠፋ ድረስ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ብርጭቆ እየፈተጉ ዝቅ ማድረግ ነው። ይህ ሲደረግ የማውዝፒሱ ልክ መለወጡ አይቀርም። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የተሸረፈው የትኛው ክፍል እንደሆነና እሱን ለማጥፋት ሲባል የሚመጣው የልክ ለውጥ ማውዝፒሱን ለመጫወት ብቁ አድርጎ የሚያስቀረው መሆን አለመሆኑ ነው። የስባሪው ትንሽነት ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ በአንዱ ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሸረፍ ምንም ላይጎዳ፣ በሌላው ቦታ የሁለት አሥረኛ ሚሊ ሜትር ጎድጓድ መሣሪያውን ሊያበላሸው ይችላል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ክፍሎቹን ልለያያቸው። ሪዱ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ገጽ መደብ፣ አየር ወደ ውስጥ የሚገባበትን ረጅም ቀዳዳ መስኮት፣ መስኮቱን በግራና በቀኝ የሚያጅቡትን ቀጫጭን ብርጭቆዎች የጎን ጠርዞች፣ ከላይ የሚያገናኛቸውን ደግሞ የጫፍ ጠርዝ እላቸዋለሁ። የጎን ጠርዞቹ ከመደቡ ተነሥተው ወደ ጫፉ ሲሄዱ ቀስ በቀስ ከሪዱ ይርቃሉ፤ ይህ መራቅ ኩርባ ሲባል፣ በመጨረሻ በሪዱ ጫፍና በጫፉ ጠርዝ መካከል የሚቀረው ርቀት የጫፍ ክፍተት ነው። በተለመደው የሲ ቤሞል ክላርኔት ማውዝፒስ የጫፍ ክፍተቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የኩርባው ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ሪዱ በሴኮንድ መቶዎች ጊዜ በዚህ ኩርባ ላይ እየተንከባለለ መስኮቱን ይዘጋል፣ ይከፍታል። ድምፅ የሚወለደው በዚህ መዝጋትና መክፈት ስለሆነ፣ ሪዱ የሚያርፍበት መስመር አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ መዘጋቱ ሙሉ አይሆንም፤ በዚያች ሽንቁር አየር ያመልጣል፣ ሪዱም በግራና በቀኝ እኩል አይመታም። እርስዎ የገለጹት ሲጥታና የታችኞቹ ድምፆች መዘግየት የዚህ የታወቁ ምልክቶች ናቸው።

አሁን የቦታውን ጉዳይ እንመልከት። ጥርስ በሚያርፍበት በምንቃሩ ላይኛ ገጽ የደረሰ መሸረፍ ድምፁን አይነካም፤ ከንፈር ወይም ምላስ እንዳይቆርጥ ስለቱን ማብረድና ላዩ ላይ የጥርስ ማሳረፊያ ላስቲክ መለጠፍ ይበቃል። በታችኛው ጫፍ፣ ቡሹ በሚታሰርበት አንገት ላይ የደረሰውም ቡሹ አየር እስካላሳለፈ ድረስ የሚያሰጋ አይደለም። በመደቡ የውጭ ዳር ላይ የደረሰ መሸረፍም እንዲሁ ነው። የጎን ጠርዝ ሲሆን መለየት ያስፈልጋል፦ ጠርዙ በአብዛኛው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ስላለው ከውጭ በኩል ግማሹ ቢሸረፍና ከውስጥ በኩል ያልተቋረጠ መስመር ቢቀር ሪዱ አሁንም ይዘጋበታል፤ ጎድጓዱ ከውጭ ተነሥቶ እስከ መስኮቱ ከዘለቀ ግን ማውዝፒሱ ተበስቷል ማለት ነው። የጫፍ ጠርዝ ከሁሉም ይብሳል። እጅግ ቀጭን ነው፣ ምላስ የሚነካውም እሱን ነው፣ የሪዱ እንቅስቃሴም ከሁሉ የሚሰፋው እዚያ ነው። የእርስዎ ማውዝፒስ የተመታው በጫፉ ቀኝ ማዕዘን፣ ማለትም የጫፍ ጠርዝና የጎን ጠርዝ በሚገናኙበት ቦታ ስለሆነ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ማንኛውም ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ቦታው በደንብ ይታይ። 10 ጊዜ የሚያጎላ ማጉያ መነጽርና ከጎን የሚመጣ ብርሃን ይበቃሉ። በመጀመሪያ የሚፈለገው ስንጥቅ ነው። ንጹሕ መሸረፍ የባሕር ዛጎል ውስጠኛ ገጽ የመሰለ፣ የተስተካከለና የሚያብረቀርቅ ጎድጓድ ትቶ ያልፋል፤ ስንጥቅ ግን ከዚያ ጎድጓድ ተነሥቶ ወደ ብርጭቆው ሥጋ የሚገባና ማውዝፒሱን ሲያዞሩት ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ቀጭን መስመር ነው። ስንጥቅ ካለ ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል። በብርጭቆ ውስጥ ያለ ስንጥቅ ባለበት አይቆይም፤ እርጥበት በስንጥቁ ጫፍ ላይ ያለውን ትስስር እያላላ ያራዝመዋል፣ በእስትንፋስና በምራቅ ከሚርስ ማውዝፒስ የበለጠ ለዚህ የተመቸ ነገር ደግሞ የለም። የተሰነጠቀ የብርጭቆ ማውዝፒስ ወደ አፍ አይገባም፣ የሚሞረድም አይደለም።

ስንጥቅ ከሌለ ብርጭቆ የሚሰጠንን ልዩ ዕድል እንጠቀምበት፤ ውስጡ ይታያል። ሪዱን አርሰው በቦታው ይሰሩት፣ ጫፉን በአውራ ጣት በቀስታ ወደ ጠርዙ ይጫኑት፣ ከዚያም ከምንቃሩ በኩል በብርጭቆው ውስጥ አሳልፈው ጠርዞቹን ይመልከቱ። እርጥቡ ሪድ ከብርጭቆው ጋር በትክክል የተጣበቀበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ አየር የገባበት ቦታ እንደ ፊኛ ነጣ ብሎ ያበራል። ያ የነጣ ቦታ ከውጭ እስከ መስኮቱ ድረስ የሚደርስ ከሆነ አየር የሚያመልጥበትን በዓይንዎ አይተውታል። ይህን በሌላ መንገድ ለማረጋገጥ የማውዝፒሱን ታችኛ ቀዳዳ በመዳፍዎ ገጥመው አየሩን ከጫፉ በኩል ይሳቡ፤ ጤነኛው ሪዱን ለአፍታ ይዞ ቆይቶ «ጷ» ብሎ ይለቀዋል፣ የተበሳው ግን ወዲያው ይለቃል ወይም ከነጭራሹ አይዝም። ሪዱ ራሱ የተጣመመ ከሆነ ይህ ፈተና ያሳስታል፤ ስለዚህ በሁለት በሦስት ደኅና ሪዶች ይደገም።

ወደ ሙጫው ልመለስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የመኪና የፊት መስታወት ጠጠር ሲመታው በፈሳሽ ሙጫ ተሞልቶ በአልትራቫዮሌት ብርሃን እንደሚደርቅና ለዓመታት እንደሚያገለግል የታወቀ ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ ማውዝፒስም እንዲሁ ይሞላል ብሎ ማሰብ ግን ትክክል አይደለም። በመስታወቱ ላይ ሙጫው የሚገባው ዙሪያውን በብርጭቆ በተከበበ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ከየአቅጣጫው የሚይዘው አለ። የማውዝፒስ ጫፍ ላይ የሚለጠፈው ጠብታ ግን በአንድ ጎኑ ብቻ ተጣብቆ በሌላው ጎኑ አየር ላይ የተንጠለጠለ፣ ውፍረቱም ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ጠርዝ ነው። ሪዱ ሳያቋርጥ ይመታዋል፣ ምላስ ይገፋዋል፣ ምራቅ ያርሰዋል። ሱፐር ግሉ በተለይ ለብርጭቆና ለእርጥበት የሚስማማ አይደለም፤ ከጊዜ በኋላ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። ኢፖክሲ ይሻላል፣ ነገር ግን ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ከብርጭቆው ከአምስት እጥፍ በላይ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር በየጨዋታው መገጣጠሚያውን ይጎትታል። በዚህ ላይ ሙጫ ከብርጭቆ እጅግ ለስላሳ ስለሆነ ሁለቱን ባንድነት በብርጭቆ ወረቀት ሲያሹ ቶሎ የሚበላው ሙጫው ነው፤ ጎድጓዱ ቅርጹን ለውጦ ተመልሶ ይመጣል፣ በአጠገቡ ያለው ጤነኛ ጠርዝም ያለ ጥቅም ይበላል። የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ያ ጠብታ ሲላቀቅ ትንፋሽ እየሳበ ባለ ሰው አፍ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

የነበልባሉ ምክር ከዚህም ይከፋል። ተራ ብርጭቆ ለመለስለስ 700 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መድረስ አለበት። ክፍሉን ብቻ ነጥሎ በነበልባል ማሞቅ የሞቀው ወገን ሲለጠጥ ቀዝቃዛው ወገን እንዲይዘው ያደርጋል፤ ብርጭቆ ይህን ውጥረት አይችልም፣ ይፈነዳል። የላብራቶሪ ብርጭቆ የሚሠራ የሠለጠነ ሰው ማውዝፒሱን በምድጃ ቀስ ብሎ አሙቆ፣ ጫፉን አቅልጦ፣ ከ500 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት አቆይቶ ውጥረቱን እያስለቀቀ ቢያቀዘቅዘው እንኳ፣ የለሰለሰው ጠርዝ ክብ ይሆናል፣ ኩርባውም ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ መደቡም ኩርባውም ከመጀመሪያ መሞረድ አለባቸው። ወደ መፈተግ መመለስ ካልቀረ እሳቱ ምንም አልጨመረም።

መፈተጉ ምን እንደሚያስከፍል አሁን በቁጥር እንየው። የኩርባው ርዝመት 17 ሚሊ ሜትር፣ የጫፍ ክፍተቱ 1.05 ሚሊ ሜትር የሆነ ማውዝፒስ እንውሰድና የጫፉ ጠርዝ 0.5 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ተሸርፏል እንበል። ጎድጓዱን ለማጥፋት ጫፉ በሙሉ በግማሽ ሚሊ ሜትር ማጠር አለበት። ኩርባው የክብ ቅስት ነው ብለን ብናሰላ፣ ማውዝፒሱ ሲያጥር የሚቆረጠው ከሪዱ በጣም የራቀው ክፍል ስለሆነ፣ የጫፍ ክፍተቱ ወደ 0.99 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ስድስት መቶኛ ሚሊ ሜትር በወረቀት ላይ ከቁጥር የማይገባ ቢመስልም የለመደ ተጫዋች በመጀመሪያው እስትንፋስ ያውቀዋል፤ የቀድሞው ሪድ ይለሳበታል፣ ጠንከር ያለ ያስፈልገዋል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጫፉ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር ብርጭቆው ስለሚወፍር የጫፍ ጠርዙ ይሰፋል፤ ሰፊ የጫፍ ጠርዝ ደግሞ ምላስ ሲነካው ድምፁን ቶሎ አያስነሳም። ስለዚህ ከውስጥ በኩል፣ ከጫፉ ጀርባ ባለው ተዳፋት ላይ፣ ጠርዙ እንደገና መቅጠን አለበት። የማውዝፒሱ አጠቃላይ ርዝመት በመቀነሱም የመሣሪያው ድምፅ በጥቂቱ ከፍ ይላል፤ ይህኛው ግን በርሜሉን (ከማውዝፒሱ ቀጥሎ ያለውን አጭር ቱቦ) ትንሽ ሳብ በማድረግ የሚስተካከል ነው።

ጎድጓዱ በጎን ጠርዝ ላይ ከሆነ የሚለካው ጥልቀቱ ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለውን ጎድጓድ ለማጥፋት አንዱን ጠርዝ ብቻ መፈተግ አይቻልም፤ ያ ከሆነ ሪዱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። መደቡና ሁለቱ ጠርዞች በአንድነት፣ ኩርባቸውን እንደጠበቁ፣ በ0.2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላሉ። ይህ የውስጡን ይዘት ይቀንሳል፣ ተዳፋቱን ወደ ሪዱ ያቀርበዋል፣ ጫፉን እንደገና ያሳጥረዋል። በአንድ ማውዝፒስ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጊዜ ቢሠራ ያስኬዳል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከተሠራ ግን የሚቀረው ከመጀመሪያው ጋር በስም ብቻ የሚመሳሰል ዕቃ ነው።

ራስዎ በቤትዎ ሊሠሩት የሚገባዎ ነገር ቢኖር የተሳለን ዳር ማብረድ ብቻ ነው፤ እሱም ከኩርባው ውጭ ባለ ክፍል ላይ ከሆነ። የብረት ሞረድ ለዚህ አያገለግልም፤ ጥንካሬው ከብርጭቆ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ከመቁረጥ ይልቅ ይሸርፋል። የሚያገለግለው የአልማዝ ዱቄት የተቀባ ረቂቅ ሞረድ ወይም ከሲሊከን ካርባይድ የተሠራ፣ ቁጥሩ ከ1000 የማያንስ የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ነው። ሸካራ ወረቀት ሥራውን ያፈጥናል ብለው አይቸኩሉ፤ እያንዳንዱ ሻካራ ቅንጣት በብርጭቆው ላይ ከሚታየው ጭረት በታች የማይታዩ ጥቃቅን ስንጥቆችን ይተክላል፣ በቀጭን ጠርዝ ላይ ደግሞ እነዚህ ስንጥቆች አዲስ መሸረፍ ይወልዳሉ። እንቅስቃሴው ሁልጊዜ ከጠርዙ ወደ ብርጭቆው ሥጋ ይሁን እንጂ ከሥጋው ወደ ውጭ አይሁን። ሥራው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በውሃ እንደራሰ ይቆይ። ውሃው ሙቀቱን ያበርዳል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን ብናኙን መያዙ ነው፤ የብርጭቆ ብናኝ ለዓይንና ለሳንባ ጎጂ ነው። ክሪስታል ከሚባሉት ብርጭቆዎች አንዳንዶቹ እርሳስ አላቸው፤ በአውሮፓ ደንብ ሙሉ የእርሳስ ክሪስታል ለመባል ቢያንስ 30 በመቶ የእርሳስ ኦክሳይድ ያስፈልጋል። ማውዝፒስዎ ከየትኛው ብርጭቆ እንደተሠራ በዓይን አይለይምና እርሳስ እንዳለበት ቆጥረው ይጠንቀቁ፦ ጭንብል ያድርጉ፣ ዝቃጩን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ይጣሉ፣ ሕፃናት ባሉበት አይሥሩ፣ ማውዝፒሱንም ወደ አፍዎ ከመመለስዎ በፊት ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ደጋግመው ይጠቡት። የፈላ ውሃ አይሁን፤ ድንገተኛ ሙቀት ብቻውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ኢቦናይት ወደሚያስተካክል ባለሙያ መውሰድን በተመለከተ መልሴ ቅድመ ሁኔታ አለው። ኢቦናይት በድኝ የጠነከረ ጎማ ነው፤ በሞረድ ይሞረዳል፣ በስለት ይፋቃል፣ እጅ ቢስት እንኳ ይታገሣል። ብርጭቆ ለዚህ ሁሉ አይመችም። ብዙ የታወቁ የማውዝፒስ አስተካካዮች የብርጭቆ ሥራ እንደማይቀበሉ በግልጽ ይናገራሉ፤ ይህን ማለታቸው ለሥራቸው ካላቸው ክብር የመጣ ነው፣ ያለ ልምድ ከሚቀበል ይልቅ የማይቀበለውን አምናለሁ። ስለዚህ ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት የብርጭቆ ጠርዝ ላይ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ፣ በምን እንደሚፈትግና ተዳፋቱን ከውስጥ በምን እንደሚያቀጥን ይጠይቁት። ከሁሉም በላይ ልኩን ከሥራው በፊትና በኋላ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ይህ ልኬት የተለመደ ነው፦ ማውዝፒሱ በግማሽ ግማሽ ሚሊ ሜትር በተሰመረ ብርጭቆ ላይ ተደፍቶ ውፍረታቸው የታወቀ የፊለር ጌጅ ቅጠሎች ከጫፉ በኩል ይገባሉ፣ እያንዳንዱ ቅጠል የቆመበት መስመር ይመዘገባል። በዚህ አሠራር በጣም ስሱ ቅጠል 34 ላይ ከቆመ የኩርባው ርዝመት 17 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። የግራና የቀኝ ንባቦች ለየብቻ ይጻፉ፤ በሁለቱ መካከል የሚታይ ልዩነት ካለ የሲጥታው ምክንያት መሸረፉ ብቻ ላይሆን ይችላል። ማውዝፒሶች ከፋብሪካ ሲወጡም እንዲህ ያለ ጉድለት ይዘው የሚወጡበት ጊዜ አለ።

ለእርስዎ የምሰጠው ምክር እንግዲህ ይህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ማውዝፒስ መጫወትዎን ያቁሙ፤ አዲስ የተሸረፈ ጠርዝ የላሉ ስባሪዎች ይይዛል፣ እነሱም የሚለቁበትን ሰዓት አይናገሩም። በማጉያ መነጽር መርምረው ስንጥቅ ካገኙ ያስወግዱት። ስንጥቅ ከሌለና ጎድጓዱ ከጫፉ ወደ ውስጥ ከ0.3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ከሆነ የብርጭቆ ልምድ ላለው ባለሙያ ይስጡት፤ በዚህ መጠን የጫፍ ክፍተቱ የሚጠበው በአራት መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሪድ በመቀየር የሚካስ ነው፣ ባለሙያውም ከፈለገ ኩርባውን ጥቂት አስተካክሎ ክፍተቱን ሊመልሰው ይችላል። ከ0.5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም ከማዕዘኑ ወርዶ የጎን ጠርዙን እስከ መስኮቱ ከበላው አያሠሩት፣ አዲስ ይግዙ። እርስዎ ከገለጹት ምልክት ስነሳ አየር እያመለጠ ነውና ጎድጓዱ መስኮቱ ድረስ ዘልቋል ብዬ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ወደ አዲስ መግዛቱ አጋድላለሁ። በዚህ ማውዝፒስ ልብዎ ቢታሰርም፣ ተፈትጎ የሚመለስልዎ ያው የሚወዱት ድምፅ እንደሚሆን ማንም ሊያረጋግጥልዎ አይችልም።

ምትክ ሲፈልጉ «ብርጭቆ ስለሆነ ያንኑ ድምፅ ይሰጠኛል» በሚል ሐሳብ ብቻ አይምረጡ። የድምፁን ጠባይ በዋናነት የሚወስኑት የውስጡ ይዘት፣ የተዳፋቱ ቅርጽ፣ የኩርባው ርዝመትና የጫፍ ክፍተቱ ናቸው። ብርጭቆ የሚመሰገንበት እውነተኛ ጠባይ አለው፦ እርጥበት አይጠጣም፣ አይጣመምም፣ ኩርባውም በአጠቃቀም ቶሎ አይበላም፤ በጣሊያን እንደሚሠሩት እንደ ፖማሪኮ ያሉ የክሪስታል ማውዝፒሶች ታማኝ ተጫዋቾች ያሏቸውም ለዚህ ጭምር ነው። ይሁን እንጂ ሁለት የብርጭቆ ማውዝፒሶች እርስ በርስ ከሚመሳሰሉት ይልቅ አንድ የብርጭቆና አንድ የኢቦናይት ማውዝፒስ ልካቸው ከተቀራረበ ይበልጥ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የአሮጌውን ልክ ካልተሸረፈው ወገን ያስለኩና ቁጥሮቹን ይዘው ይሂዱ፤ ወደ እነሱ የቀረቡትን ሁለት ሦስት ማውዝፒሶች በለመዱት ሪድ ይሞክሯቸው። ዳግመኛ ብርጭቆ ከመረጡ ሪዱን ሲያስሩም ሲፈቱም ማውዝፒሱን ከክላርኔቱ ሳይነቅሉ፣ ቁጭ ብለው፣ ጭንዎ ላይ ጨርቅ ዘርግተው ያድርጉት። የብረት ክዳኑንም በፕላስቲክ ይቀይሩት፤ የብርጭቆ ጫፍ የሚሸረፈው በመውደቅ ብቻ ሳይሆን የብረት ክዳን በችኮላ ሲከደንበትም ነው።